ራልፍ ራንግኒክ፦ ከትንሽ ከተማ ተጫዋች አሰልጣኝነት እስከ ኦስትሪያ ብሔራዊ ቡድን፤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ራልፍ ራንግኒክ ሲባል ብዙ የአገራችን ኳስ ወዳጅ ትዝ የሚለው የማንችስተር ዩናይትድ ስድስት ወር ነው። እሱም በክፉ። እኔ ግን ሰውዬውን ለማወቅ መነሳት ያለብን ከኦልድ ትራፎርድ ሳይሆን ባክናንግ ከምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ነው ባይ ነኝ። እዚያ ራሱ እየተጫወተ ራሱ ያሰለጥን ነበር። ዛሬ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የምናየው ኳስ ላይ የእሱ አሻራ አለ፤ ያ አሻራ ደግሞ የተጀመረው በታችኛው የጀርመን ሊግ ሜዳ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁትን ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራንግኒክ ራሱ ኳስ ተጫውቷል እንዴ?

ተጫውቷል፣ ግን ከፍተኛ ደረጃ ላይ አልደረሰም። የተወለደው በ1958 ጁን 29፣ ከስቱትጋርት ብዙ በማትርቀው ባክናንግ ነው። አማካይ ነበር። ከ1976 እስከ 1979 በስቱትጋርት ሁለተኛ ቡድን፣ ማለትም በአማተሮቹ ውስጥ ተጫወተ። ዋናው ቡድን ግን አላስጠጋውም፤ አንድም የቡንደስሊጋ ጨዋታ የለውም። ከዚያ ሃይልብሮን፣ ቀጥሎ ኡልም ገባ። ጎን ለጎን ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር፣ እንግሊዝኛና ስፖርት፤ ሃሳቡ መምህር መሆን ነበር። የወጣለት ተጫዋች እንዳልሆነ ቀድሞ የገባው ይመስለኛል፤ ጭንቅላቱን ያሠራው የነበረው ለሌላ ነገር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ተጫውቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1979/80 ለትምህርት ወደ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ፣ ሳውዝዊክ ለሚባል የአካባቢው ክለብ ተሰለፈ። እዚያ በደረሰበት ግጭት የጎድን አጥንቶቹ ተሰብረው ሳንባው ተወግቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ማንችስተር ሲመጣ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ያለ አስተርጓሚ እንደ ልቡ ሲያወራ ያየ ሰው፣ እንግሊዝኛውን ከየት እንዳመጣው አሁን ይገባዋል።

ተጫዋች አሰልጣኝ ማለት ምን ማለት ነው? ጀርመን ውስጥስ ለምን በዛ?

ስሙ እንደሚለው ነው። አሰላለፉን ያወጣል፣ ልምምዱን ይመራል፣ ከዚያ ማልያውን ለብሶ ራሱም ይገባል።

ለምን እንደሚበዛ ለመረዳት የጀርመንን ኳስ አደረጃጀት ማወቅ ያስፈልጋል። ከላይ ቡንደስሊጋ አለ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው ሊግ። አራተኛው ደረጃ ሬጊዮናልሊጋ ነው፣ በአምስት ምድብ የተከፈለ። ከስሩ ኦበርሊጋ አለ፣ አሥራ አራት ምድብ። ከዚያ ወዲያ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ክራይስሊጋ የሚባለው የወረዳ ውድድር ላይ ይደርሳል። በመላ አገሪቱ ከሃያ ሺህ በላይ ክለቦች አሉ። እዚያ ታች የሚጫወተው ሰው ቀን ሥራ ውሎ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ልምምድ ሰርቶ፣ እሁድ ሜዳ የሚገባ ነው።

እንዲህ ያለ ክለብ ብዙ ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ከላይ ሊግ የተጫወተ፣ ዕድሜው ሠላሳውን ያለፈ፣ ልምድ ያለው ሰው ይፈልግና "ናና ተጫወትልን፣ አሰልጥነንም" ይለዋል። ባንድ ደሞዝ ሁለት ሰው እንደማግኘት ነው። ለተጫዋቹም አይከፋም። ጫማ ከመስቀሉ በፊት የአሰልጣኝነቱን ነገር ይሞክረዋል፤ ካልሆነለትም ያን ያህል የሚያጣው ነገር የለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ጨዋታውን ሙሉ ለሙሉ አያየውም፣ ጀርባው ምን እየሆነ እንደሆነ አያውቅም። ከመስመር ውጪ የሚቆምለት የሚያምነው ረዳት ከሌለው ቅያሪ እንኳ በጊዜ አይደርስም። ራሱን የሚያስወጣውስ መቼ ነው? ደግሞ ትናንት አብሮት ቢራ የጠጣውን ጓደኛውን "አንተ ዛሬ ተጠባባቂ ነህ" ማለት አለበት፤ ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ራንግኒክ ስንት ዓመቱ ነበር?

25። በ1983 ወደ ትውልድ ከተማው ክለብ ቪክቶሪያ ባክናንግ ተመልሶ ተጫዋች አሰልጣኝ ሆነ። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ይሄን ሥራ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ዕድሜው የገፋ ተጫዋች ነው፤ እሱ ግን ገና ሮጦ ያልጠገበ ወጣት ነበር፣ ከቡድኑ ውስጥም በዕድሜ የሚበልጡት ነበሩ።

የዳይናሞ ኪየቩ ታሪክ ምንድነው? ሁሉም ለምን ይጠቅሰዋል?

ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚጀምረው እዚያ ስለሆነ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ ካነበባችሁ ይሄን አንብቡ።

በዚያ ዘመን ዳይናሞ ኪየቭ ከአውሮፓ አስፈሪ ቡድኖች አንዱ ነበር። በ1975 የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወስዷል፣ በ1980 እና በ1981 የሶቭየት ኅብረት ሻምፒዮን ነበር። አሰልጣኙ ቫለሪ ሎባኖቭስኪ ነው፣ ኳስን በቁጥርና በሳይንስ የሚያይ ሰው። ይሄ ቡድን የብርዱን ወራት ለመሸሽ ስቱትጋርት አጠገብ ሩይት የሚባል የስፖርት ማዕከል እየመጣ ይዘጋጅ ነበር። እናም ከአካባቢው ትናንሽ ክለቦች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋል። አንዱ ዕድለኛ ባክናንግ ሆነ።

ራንግኒክ መሃል ሜዳ ላይ ተሰልፏል። ጨዋታው ተጀመረ። ኳስ ሲይዝ ሁለት ሰው ይመጣበታል። ለጓደኛው ሲያቀብል ጓደኛው ላይም ሁለት ሰው አለ። ወደ ኋላ ሲመልስ እዚያም ደርሰዋል። ከዚያ በፊትም ፕሮፌሽናል ቡድኖችን ገጥመው ተሸንፈው ያውቃሉ፣ ግን በየመሃሉ ኳስ ይዘው ቀና የሚሉበት ጊዜ ነበራቸው፤ አሁን ግን ትንፋሽ የሚወስዱበት አንድ አፍታ እንኳ ጠፋ። ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ ኳሷ ወጥታ የእጅ ውርወራ ሆነ። ያኔ ቆም ብሎ ኪየቮችን አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ሆነው የገቡ መስሎት ነበር። ቆጠረ፤ አሥራ አንድ ናቸው።

ይሄን ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል፤ በዚያች ቀን ነው ፕሬሲንግ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ባንድነት ሄዶ ማፈን፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ይላል። በኋላም ኪየቮች ለዝግጅት በመጡ ቁጥር ወደ ልምምድ ሜዳቸው እየሄደ ያያቸው ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ራንግኒክ ያን ቀን ኮት ለብሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ "የተሻለ ቡድን አሸነፈን" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ተጫዋች ነበር። አየር ያጠረው እሱ ራሱ ነው፣ ኳስ የተነጠቀው እሱ ራሱ ነው። አሰልጣኝም ስለነበር ደግሞ ማክሰኞ ለልምምድ ሲገናኙ ለጓደኞቹ የሚላቸው ነገር መያዝ ነበረበት። ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ መያዙ ነው ያን ጨዋታ ትምህርት ቤት ያደረገለት።

ሃሳቡን ያዳበረው ብቻውን ነው?

አይደለም። ሄልሙት ግሮስ የሚባል ሰው አለ፣ ስሙ ብዙ አይነሳም። ሙያው መሐንዲስ ነው፣ በዚያው አካባቢ የአማተር ክለቦችን ያሰለጥን ነበር። ያኔ የጀርመን ቡድኖች ከሞላ ጎደል በሙሉ ሰው በሰው ይዘው፣ ከኋላ አንድ ሊቤሮ፣ ማለትም ማንንም ሳይዝ ከተከላካዮቹ ጀርባ ነፃ ሆኖ የሚቆም ተጫዋች፣ አስቀምጠው ነው የሚጫወቱት። ግሮስ ግን ተጫዋቾቹ ሰውን ትተው ቦታን እንዲይዙ፣ ኳሷ ወዳለችበት ባንድነት እንዲጠጉ ያስተምር ነበር። ከራንግኒክ ጋር ሲገናኙ ቋንቋቸው አንድ ሆነ።

በኋላ አሪጎ ሳኪ ኤሲ ሚላንን ይዞ ብቅ ሲል ሁለቱ ካሴቱን እያጠነጠኑ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ፣ እያቆሙ ያዩት ነበር። ካሴት ማጫወቻው እስኪበላሽ ድረስ! አራቱ ተከላካዮች በመሃላቸው ስንት ሜትር አለ፣ የሚላኑ ተከላካይ ባሬዚ ወደፊት ሲወጣ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ፣ ይሄንን ነበር የሚለቃቅሙት።

ከባክናንግ በኋላ ቀጥታ ትልቅ ክለብ ገባ?

ኧረ የት! በ1985 የስቱትጋርትን ሁለተኛ ቡድን ለማሰልጠን ሄደ፣ ሁለት ዓመት ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ታች ወረደ፦ ሊፖልድስቫይለር፣ ቀጥሎ ኮርብ። ስማቸውን ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አይገርምም፣ የገጠር ከተማ ክለቦች ናቸው። ከ1990 እስከ 1994 የስቱትጋርትን ከ19 ዓመት በታች ቡድን ይዞ በ1991 የጀርመን ሻምፒዮን አደረገው። ከዚያ ሮይትሊንገን፣ ከዚያ በ1997 ኡልም።

ኡልም ላይ ነው በሩ የተከፈተው። በ1998 ቡድኑን ከሦስተኛው ደረጃ ወደ ሁለተኛው ቡንደስሊጋ አሳደገ። እዚያም ሲደርሱ አዲስ መጤ ሆነው ከመሪዎቹ ተርታ ተሰለፉ። ባክናንግ ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ዛሬ ሁለት ጨዋታ የተሸነፈ አሰልጣኝ ይባረር ብለን የምንጮህ ሰዎች ይሄን አሥራ አምስት ዓመት ልብ ብንለው ጥሩ ነው።

"ፕሮፌሰር" የሚባለው ለምንድነው?

በ1998 ዲሴምበር ዜድ ዲ ኤፍ የተባለው የጀርመን ቴሌቪዥን ታዋቂ በሆነው የቅዳሜ ማታ የስፖርት ፕሮግራሙ ላይ ጋበዘው። ራንግኒክ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ማግኔቶቹን ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሰ፣ ያለ ሊቤሮ በአራት ተከላካይ መስመር ሠርቶ እንዴት እንደሚከላከሉ አስረዳ። ዛሬ ቢሆን ማንም ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው። ያኔ ግን ጀርመን ከሁለት ዓመት በፊት በሊቤሮ ተጫውታ፣ ማትያስ ሳመርን ከኋላ አድርጋ የአውሮፓ ዋንጫን የበላች አገር ናት። ቡንደስሊጋ ላይ አንድ ቀን ያልተጫወተ ሰው መጥቶ ሊያስተምረን ነው ወይ ብለው ብዙዎች ተቆጡ። ስሙ የወጣው ለማሾፍ ነበር።

በዩሮ 2000 ጀርመን ከምድቧ መጨረሻ ሆና ተሰናበተች። ሰሌዳው ላይ የቆመው ሰው ልክ እንደነበር ለመረዳት ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም።

ጀርመናውያኑ አሰልጣኞች ቱኸል፣ ክሎፕና ናግልስማን የእሱ ተማሪዎች ናቸው?

በየመልኩ ይለያያል፣ አንድ ላይ መጠቅለል ልክ አይደለም።

ቶማስ ቱኸል በትክክል የእሱ ነው። ኡልም ላይ ተጫዋቹ ነበር፤ በጉልበት ጉዳት ገና በወጣትነቱ ኳስ ሲያቆም ስቱትጋርት የታዳጊዎች አሰልጣኝነት ውስጥ ያስገባው ራንግኒክ ነው። ዩልያን ናግልስማን ላይፕዚግን የተረከበው ከእሱ ነው፣ በ2019። ዩርገን ክሎፕ ግን የራሱ መንገድ አለው። ማይንስ ውስጥ በሁለተኛው ቡንደስሊጋ ለዓመታት ተጫውቶ፣ ይሄን አጨዋወት የቀሰመው ከአሰልጣኙ ከቮልፍጋንግ ፍራንክ ነው። በ2001 ፌብሩዋሪ የዚያን ጊዜው አሰልጣኝ ኤክሃርት ክራውትዙን ሲሰናበት ከተጫዋችነት በቀጥታ ተነስቶ ቡድኑን ያዘ፣ ከመውረድም አተረፈው። ተጫዋች አሰልጣኝ ግን አልነበረም፤ ያን ቀን መጫወቱን አቁሟል።

ሆፈንሃይምና ላይፕዚግን ያሳደገው ገንዘብ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ገንዘቡ ነበር፣ መካድ አይቻልም። ከሆፈንሃይም ጀርባ ባለሀብቱ ዲትማር ሆፕ፣ ከላይፕዚግ ጀርባ የመጠጥ ኩባንያው ሬድ ቡል አሉ። ብዙ የጀርመን ደጋፊ ሁለቱንም ክለቦች እስከዛሬ አይወዳቸውም፤ ክለብ የአባላቱ ነው ብሎ ላደገ ሰው ምሬቱ የሚገባ ነው።

ግን ገንዘብ ያላቸው ስንት ክለቦች የትም አልደረሱም። ራንግኒክ ሆፈንሃይምን በ2006 ሲይዝ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት በተከታታይ አሳድጎ በ2008 ቡንደስሊጋ አስገባው፤ በገባበት የውድድር ዓመት አጋማሽ ላይ ሊጉን ይመራ ነበር። በ2012 ደግሞ የሁለቱ የሬድ ቡል ክለቦች፣ የኦስትሪያው ሳልዝበርግና የላይፕዚግ፣ ስፖርት ዳይሬክተር ሆነ። ላይፕዚግ ያኔ አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። በ2016 ቡንደስሊጋ ገባ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ሁለተኛ ወጣ።

ተጫዋች ሲገዛ የሚያየው ዕድሜን ነው። ያለቀለት ኮከብ አይፈልግም። ሳዲዮ ማኔን ከሜትስ ወደ ሳልዝበርግ ያመጡት በ2012 ነው፣ ገና 20 ዓመቱ። ጆሹዋ ኪሚሽ በ18 ዓመቱ ሦስተኛው ሊግ ላይ ላይፕዚግ ገባ። ናቢ ኬይታም የዚያው ቤት ልጅ ነው። ልምምዱ ላይ ደግሞ እየቆጠረ የሚወርድ ሰዓት ያስቀምጡ ነበር፦ ኳስ ከተነጠቃችሁ በስምንት ሰከንድ መልሷት፣ ካገኛችኋት በአሥር ሰከንድ ውስጥ ወደ ጎል ምቱ። ባክናንግ ላይ እሱ የታፈነውን አፈና በሰዓት ለክቶ ማስተማር ማለት ነው።

በ2011 ሥራ ያቆመው ለምንድነው?

ደክሞት። በዚያ ዓመት ጸደይ የጀርመኑን ክለብ ሻልከን ይዞ ኢንተር ሚላንን ሳን ሲሮ ላይ 5 ለ 2 አሸንፎ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ ደረሰ፤ የጀርመንን ጥሎ ማለፍ ዋንጫም ዱይስበርግን 5 ለ 0 ረትቶ በላ። ሴፕቴምበር ላይ ግን ሰውነቴም መንፈሴም አልቋል ብሎ በይፋ ለቀቀ። ያን ጊዜ አንድ ትልቅ አሰልጣኝ እንዲህ ብሎ በአደባባይ መናገሩ ቀላል አልነበረም። ትልቅ ድፍረት ነው የምለው እኔ።

ታዲያ ማንችስተር ዩናይትድ ላይ ለምን አልሆነለትም?

የመጣው በ2021 ኖቬምበር መጨረሻ፣ በጊዜያዊነት። የውድድር ዓመቱ ተጀምሯል፣ የዝግጅት ጊዜ የለም፣ በጥር ዝውውር የሚያመጣው ሰው አልተሰጠውም። የእሱ ኳስ ደግሞ አሥራ አንዱም አብረው ካልሮጡ አይሠራም። ሰኔ ላይ እንደሚሄድ የሚያውቁትን አሰልጣኝ ብለው ኮከቦቹ እንደዚያ አይሮጡም። ስድስተኛ ሆነው ጨረሱ። እሱም ከነጉድለቱ ነው፤ የተጫዋቾቹን ችግር በየመግለጫው ማውጣቱ መልበሻ ክፍሉን አላቀዘቀዘለትም።

ግን ያለውን አስታውሱ። ይሄ ክለብ ላይ ላዩን መቀባባት አይበቃውም፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው አለ። ያኔ ሰድበነዋል። ከእሱ በኋላ የመጡትን ዓመታት የዩናይትድ ደጋፊ ከእኔ በላይ ያውቃቸዋል።

ዛሬ እንደ እሱ ከታች ሊግ ተጫዋች አሰልጣኝነት መነሳት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ታች ወረዳ ላይ ብዙ አይጠየቅም። ከፍ ሲባል ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ ይሄዳል፤ ከላይ ባሉት ሦስት ሊጎች ዋና አሰልጣኝ ለመሆን የፕሮ ፈቃድ ግድ ነው፣ ኮርሱ ደግሞ በዓመት የሚቀበለው ሰው ጥቂት ነው። ቡንደስሊጋ የተጫወተ መሆን ግን ግዴታ አይደለም። ሳልዝበርግን እንዲይዝ በ2012 ራንግኒክ የመረጠው ሮጀር ሽሚትም ታች ሊግ ተጫውቶ፣ በመሐንዲስነት ሲሠራ የቆየ ሰው ነው። በ2014 መጀመሪያ የጓርዲዮላን ባየርን በወዳጅነት ጨዋታ 3 ለ 0 ያሸነፈው የእሱ ሳልዝበርግ ነበር።

አሁን የት ነው ያለው?

ከ2022 ጀምሮ የኦስትሪያ ብሔራዊ ቡድንን ይዟል። ዩሮ 2024 ላይ ፈረንሳይና ኔዘርላንድስ ካሉበት ምድብ አንደኛ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያ በቱርክ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከውድድሩ በፊት ባየርን ሙኒክ ጠርቶት ነበር፤ ኦስትሪያን አልተውም ብሎ እምቢ አለ። በ2025 ኖቬምበር ቪየና ላይ ከቦስኒያ ጋር 1 ለ 1 ወጥተው ለ2026 የዓለም ዋንጫ አለፉ። በጨዋታው ማለቂያ አካባቢ አቻ ያደረገችውን ጎል ሚካኤል ግሬጎሪች ነው ያገባት። ኦስትሪያ ዓለም ዋንጫ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1998 ነው፤ የደረሳት ምድብ ውስጥ አርጀንቲና፣ አልጄሪያና ዮርዳኖስ አሉ።